ከ0.99 ዶላር ጀርባ፦ የዶሜይን ሻጮች የክፍያ አሠራር ሲገመገም

የዶት ኮም ስም (ዶሜይን፣ ማለትም በ.com የሚያበቃ የድረ ገጽ አድራሻ) የሚሸጥ ድርጅት ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ዕቃውን የሚያመጣው ከአንድ ጅምላ አከፋፋይ ነው። አከፋፋዩ ቬሪሳይን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ ስም በዓመት 10.26 ዶላር ያስከፍላል። የስም ሥርዓቱን የሚያስተባብረው አይካን ደግሞ በየስሙ 20 ሳንቲም ይወስዳል፤ እስከ 2025 አጋማሽ 18 ሳንቲም ነበር። ድምሩ 10.46 ዶላር ይሆናል። የካርድ ክፍያ ማስተናገጃው፣ የደንበኞች አገልግሎቱና ሻጩ ለአይካን በየዓመቱ የሚከፍለው 4,000 ዶላር የፈቃድ ክፍያ ሲታከሉበት፣ ከ11 እስከ 15 ዶላር የሚጠይቅ ሻጭ ተገቢ ዋጋ ጠየቀ ማለት ነው።

ታዲያ ያንኑ ስም በ0.99 ዶላር የሚሸጠው እንዴት አድርጎ ነው? ዘጠኝ ዶላር ተኩል ያህል ከራሱ ኪስ እየጨመረ ነው። ያንን ገንዘብ የሚያስመልሰውም ከዚያው ገዢ ነው፣ ቆይቶ። ይህ ግምገማ የሚመረምረው ያንን «ቆይቶ» የሚባለውን ጊዜ ነው። የዶሜይን ሻጭ ጠባይ በመጀመሪያው ቀን ዋጋ አይታወቅም። የሚታወቀው ከካርዳችሁ ላይ ገንዘብ በሚቆርጥበት ቀን፣ የስማችሁ ጊዜ ባለፈ ማግስት፣ እና «ልሂድ» ባላችሁት ቀን ነው።

ሁለተኛው ዓመት

የመጀመሪያ ዓመት ቅናሽ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥያቄው የእድሳቱ ዋጋ የት ተጽፏል የሚለው ነው። ደህና ሻጭ የመመዝገቢያውን፣ የእድሳቱንና የማዛወሪያውን (ስሙን ከአንድ ሻጭ ወደ ሌላ የመውሰጃውን) ዋጋ ሦስት ዓምድ አድርጎ ጎን ለጎን ያሰፍራል። አጠራጣሪው ቅናሹን በትልቅ ፊደል ያደምቅና እድሳቱን ከክፍያ ገጹ ግርጌ በደብዛዛ ፊደል ይጽፈዋል፤ አንዳንዴም ጠቋሚው ሲያርፍበት ብቻ በሚከፈት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ይደብቀዋል። ሌላም ዘዴ አለ፦ ዋጋውን በወር አስልቶ ያሳይና የሦስት ዓመቱን በአንድ ጊዜ ያስከፍላል። ወይም 0.99 ዶላሩ የሚሠራው ሁለትና ሦስት ዓመት ለሚገዛ ብቻ ይሆንና የቀሩት ዓመታት በሙሉ ዋጋ ይታሰባሉ። ቅርጫቱ ውስጥ «3 ዓመት» ቀድሞ ተመርጦ ከጠበቃችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሁለት ሻጭ ስታወዳድሩ የአምስት ዓመት ድምር ሥሩ። ለምሳሌ አንደኛው የመጀመሪያውን ዓመት በ0.99 ሸጦ በ21.99 የሚያድስ፣ የግል መረጃ መሸፈኛውንም አንድ ዓመት በነፃ ሰጥቶ ከዚያ በየዓመቱ 9.99 የሚያስከፍል ቢሆን፣ አምስቱ ዓመት 128.91 ዶላር ይደርሳል። ከመጀመሪያውም 11.50 ብሎ እስከ መጨረሻው በዚያው የሚጸናው 57.50 ብቻ ነው። ርካሽ መስሎ የታየው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

እድሳቱ ሲንር የሚሰጠው የተለመደ መልስ «አከፋፋዩ ስለጨመረብን ነው» የሚል ነው። ይህን በቁጥር መፈተሽ ይቻላል። የዶት ኮም የጅምላ ዋጋ ከ2012 እስከ 2021 ድረስ 7.85 ዶላር ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ በተከታታይ አራት ዓመት ጨመረ፦ 8.39፣ 8.97፣ 9.59፣ በመጨረሻም 10.26። የአራቱ ጭማሪ ድምር 2.41 ዶላር ነው። በዚያው ጊዜ ውስጥ እድሳቱን በስምንት ዶላር ያሳደገ ሻጭ ከአምስት ዶላር ተኩል በላይ የሆነውን የጨመረው በራሱ ፈቃድ ነው፤ ለዚያ አከፋፋዩን ተጠያቂ ማድረግ አይችልም።

በአዲሶቹ ቅጥያዎች (ቅጥያ ማለት እንደ ኮም ከነጥቡ በኋላ የሚመጣው የስሙ መጨረሻ ነው) ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ የዋጋ ጣሪያ የለም፤ አከፋፋዩ ራሱ እጥፍ ድርብ ሊያደርገው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኒሬጂስትሪ የተባለው አከፋፋይ የአንዳንድ ቅጥያዎቹን የጅምላ ዋጋ በብዙ እጥፍ አንሮ ገበያውን አስደንግጧል። ሆኖም ገዢው ሊያውቃቸው የሚገቡ ሁለት መከላከያዎች በአይካን ውል ውስጥ አሉ። አከፋፋዩ የእድሳት ዋጋ ለመጨመር ለሻጮቹ የ180 ቀን ማስታወቂያ መስጠት አለበት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥም በነባሩ ዋጋ እስከ 10 ዓመት ማደስ ይፈቀዳል። ሻጩ ማስታወቂያው እንደደረሰው ለደንበኞቹ የሚናገር ከሆነ ትልቅ ውለታ ነው፤ አፍኖ የሚይዘው ግን ዕድሉን ያስመልጣችኋል። ሁለተኛው መከላከያ «ፕሪሚየም» የሚባሉትን፣ ተፈላጊ በመሆናቸው ዋጋቸው ከፍ የተደረገ ስሞችን ይመለከታል። እድሳታቸው ከተራው ስም የሚበልጥ ከሆነ ያ በመጀመሪያው ምዝገባ ላይ በግልጽ ተነግሯችሁ እናንተም መስማማት አለባችሁ። ስለዚህ ፕሪሚየም ስም ስትገዙ የክፍያ ገጹን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ከዓመት በኋላ ክርክር ቢነሣ ከእሱ የተሻለ ማስረጃ አታገኙም።

ቅርጫቱ ውስጥ የሚገቡት

ስሙን ከመረጣችሁበት እስከ ክፍያው ድረስ ስንት ገጽ እንደምታልፉ ቁጠሩ። ሁለት ገጽ ከሆነ ደህና ነው። አምስትና ስድስት ከሆነ በየገጹ አንድ ነገር እየተሸጠላችሁ ነው፤ «አልፈልግም» የሚለው ቁልፍም በየገጹ ቦታውን እየቀያየረ ይጠብቃችኋል።

በብዛት የሚሸጠው የግል መረጃ መሸፈኛ ነው። ድሮ ትርጉም ነበረው፦ የስሙ ባለቤት አድራሻና ስልክ ለማንም በተከፈተ መዝገብ ላይ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2018 የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ ሥራ ላይ ሲውል አይካን ጊዜያዊ መመሪያ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሻጮች የግለሰብ ደንበኞቻቸውን መረጃ ከሕዝብ መዝገቡ ላይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሸፍናሉ። መሸፈኛውን ጨርሶ በነፃ የሚሰጡም ሞልተዋል። ለዚህ ዛሬም በዓመት 10 ዶላር የሚጠይቅ ሻጭ ሌላው በነፃ የሚሰጠውን እየሸጠ ነው።

የድረ ገጽ ምስጠራ ሰርተፍኬትም እንደዚሁ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ከ2015 ጀምሮ ያለ ክፍያ ይሰጠዋል፤ አብዛኛው ሆስቲንግም (ድረ ገጹን የሚያስተናግደው አገልግሎት) በራሱ ይጭነዋል። ለአንድ ተራ ድረ ገጽ በዓመት 60 እና 70 ዶላር መክፈል የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም።

«የዶሜይን ጥበቃ» የሚለው ጥቅል ጠጋ ብሎ መታየት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው የዝውውር ቁልፍ ነው፤ ማለትም ስሙ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወደ ሌላ ሻጭ እንዳይዛወር የሚከለክል ምልክት። ይህ ምልክት በነፃ የሚደረግ ነው፤ በመለያችሁ ውስጥ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው። ከዚህ የተለየ በአከፋፋዩ ደረጃ የሚቆለፍ እውነተኛ አገልግሎት አለ፤ ለመክፈት የስልክ ማረጋገጫና የታወቀ ሰው ይጠይቃል፤ የሚያስፈልገውም ለባንኮችና ለትልልቅ ድርጅቶች ነው። ሁለቱን አንድ አስመስሎ የሚሸጥ ሻጭ ሊታመን አይገባም። በዚህ ረገድ ከታዩት ከከፉት አንዱ ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለው ሻጭ ያደረገው ነበር። በጃንዋሪ 2014 ለአንዳንድ ደንበኞቹ በላከው ኢሜይል፣ ዌብሎክ በሚባል የጥበቃ አገልግሎት ውስጥ እንደሚገቡ፣ የመጀመሪያው ዓመት 1,850 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 1,350 ዶላር እንደሚታሰብ፣ የማይፈልግም ራሱ ደውሎ እንዲያሳውቅ ገለጸ። ዝምታን እንደ ፈቃድ የሚቆጥር ክፍያ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በነፃ ሙከራ የሚመጣው የኢሜይል ሣጥን ደግሞ በሌላ በኩል ይጎዳል። ሰርተፍኬቱ፣ ኢሜይሉ፣ መሸፈኛውና «ፈጣን» የተባለው ኔምሰርቨር (ስሙን የጻፈውን ሰው ወደ ድረ ገጹ የሚመራው ኮምፒውተር) እያንዳንዳቸው የራሳቸው የእድሳት ቀን አላቸው። የስሙን ራስ-ሰር እድሳት ብታጠፉ እነሱ አብረው አይጠፉም። ስሙ ከእጃችሁ ወጥቶ ሳለ የኢሜይሉ ክፍያ ለዓመታት መቆረጡን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ በገዛችሁበት ዕለት፣ ደረሰኙ እንደደረሳችሁ፣ ወደ መለያችሁ ገብታችሁ የክፍያ ወይም የእድሳት ዝርዝር የሚለውን ገጽ ክፈቱ። የገዛችሁት ስም ብቻ ከሆነ መስመሩ አንድ መሆን አለበት። ሁለትና ሦስት ካገኛችሁ ተጨማሪዎቹን አንድ በአንድ ሰርዙ፤ የስረዛ ማረጋገጫ ኢሜይል ካልመጣላችሁ ግን እንደተሰረዘ አትቁጠሩት።

ከካርዱ የሚቆረጥበት ቀን

ራስ-ሰር እድሳት በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ስንቱን ስም ከመጥፋት አድኗል። ችግሩ የሚቆረጥበት ቀን ነው። አንዱ በማብቂያው ዕለት ይቆርጣል፣ ሌላው 15 ቀን ቀድሞ፣ ሌላው 30፣ ከዚያም በላይ የሚቀድም አለ። «ገና ሁለት ወር አለኝ፣ እስከዚያ አዛውረዋለሁ» ብሎ የተዘናጋ ሰው ገንዘቡ ሄዶ ያገኘዋል።

ተመላሽ ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ለአከፋፋዩ ከፍለናል፣ መመለስ አይቻልም»። ይህ መልስ እውነት የሚሆንበትም የማይሆንበትም ጊዜ አለ፤ ልዩነቱን ማወቅ ገንዘብ ያድናል። ዶት ኮም የሚታደሰው በሁለት መንገድ ነው። በአንደኛው ሻጩ ከማብቂያው ቀን በፊት የእድሳት ትእዛዝ ለአከፋፋዩ ይልካል፤ ይህ ሲሆን ስሙ በ5 ቀን ውስጥ ከተሰረዘ ብቻ አከፋፋዩ ለሻጩ ገንዘቡን ይመልሳል። በሁለተኛው ሻጩ ምንም ትእዛዝ አይልክም፤ ማብቂያው ሲደርስ አከፋፋዩ በራሱ አንድ ዓመት ጨምሮ ሻጩን ያስከፍለዋል፤ ስሙ በ45 ቀን ውስጥ ከተሰረዘ ግን ክፍያው ለሻጩ ይመለሳል። ስለዚህ እድሳቱ በሁለተኛው መንገድ ከሆነና 45 ቀኑ ካላለፈ፣ «ለአከፋፋዩ ከፍለናል» የሚለው ሰበብ አይሠራም። ስሙን የማትፈልጉት ከሆነ «ስሙ ይሰረዝ፣ የእድሳቱ ክፍያ ይመለስ» ብላችሁ ቀኑን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ስረዛው የስሙን መጥፋት የሚያስከትል መሆኑን አትርሱ፤ ስሙንም ገንዘቡንም መያዝ አይቻልም።

የትኛው መንገድ እንደተወሰደ በአይካን የፍለጋ ገጽ ላይ ስሙን አስገብቶ ማየት ይቻላል። የስሙ ሁኔታ «አውቶ ሪኒው ፒሪየድ» የሚል ከሆነ ሁለተኛው ነው። እዚሁ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ማብቂያው ካለፈ በኋላ በአከፋፋዩ መዝገብ ላይ ያለው ቀን በራሱ አንድ ዓመት ወደፊት ይሄዳል፣ እናንተ ባትከፍሉም። ያንን አይቶ «ታድሷል» ብሎ የተቀመጠ ሰው ከሳምንታት በኋላ ስሙን ያጣል። ትክክለኛው ቀን በሻጩ በኩል የተመዘገበው ነው፤ ሁለቱን ቀኖች ለይታችሁ አንብቡ።

ካርዱን ከመለያው ማውጣት ወይም የካርዱን ጊዜ እስኪያልፍ መጠበቅ እድሳቱን እንደማጥፋት አይቆጠርም። የካርድ ኩባንያዎች አዲሱን የካርድ ቁጥር ለነጋዴዎች የሚያቀብሉበት አሠራር ስላላቸው በአሮጌው ካርድ የተጀመረ ክፍያ በአዲሱ ሊቀጥል ይችላል። ሻጩ «ተጠባባቂ የክፍያ መንገድ» ከመዘገበ ደግሞ አንዱ ሲከለከል ወደ ሌላው ይዞራል። መጥፋት ያለበት እድሳቱ ራሱ ነው። የሚመረጠው ግን የገንዘብ ገደብ ያለው፣ ለዚህ ብቻ የሚያገለግል ምናባዊ ካርድ መጠቀም ነው፤ ከተነገራችሁ ዋጋ በላይ ሲጠየቅ ራሱ ይከለክላል።

ጊዜው ካለፈ በኋላ

ከፍተኛው ትርፍ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ደንበኛው የተጨነቀበት ሰዓት ስለሆነ።

በአይካን ደንብ፣ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 31 ቀን 2013 ጀምሮ፣ ሻጩ ማብቂያው አንድ ወር ገደማ ሲቀረው አንድ፣ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሌላ ማስታወቂያ መላክ አለበት፤ ካልታደሰም ባለፈ በ5 ቀን ውስጥ ሦስተኛ ይልካል። ማስታወቂያው ወደ መለያ ካልተገባ የማይታይ ሊሆን አይችልም፤ በቀጥታ ለባለቤቱ መድረስ አለበት። የሻጩ ግዴታ ግን መላክ ብቻ ነው። መለያውን የከፈታችሁበት ኢሜይል በዚያው ስም ላይ የተሠራ ከሆነ፣ ስሙ ሲቋረጥ ኢሜይሉም አብሮ ይቋረጣል፤ ሦስተኛው ማስታወቂያም የትም ሳይደርስ ይቀራል። የመለያው ኢሜይል ሁልጊዜ ከስሙ ውጭ ይሁን።

ስሙ ከመሰረዙ በፊት ሻጩ ቢያንስ ለተከታታይ 8 ቀናት ድረ ገጹ እንዳይከፈት ያደርጋል፤ ይህ ባለቤቱን ለማንቃት ታስቦ የወጣ ደንብ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የማደስ መብት አላችሁ። አንዳንዱ ሻጭ በመደበኛው ዋጋ ያድሳል፣ አንዳንዱ «የመዘግየት ክፍያ» ይጨምራል። ስሙ ከተሰረዘ በኋላ ደግሞ 30 ቀን የመዋጃ ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ለማስመለስ አከፋፋዩ ከሻጩ የሚጠይቀው ለዶት ኮም 40 ዶላር ነው፤ የአንድ ዓመት እድሳትም ይጨመራል፤ ስለዚህ የሻጩ ወጪ ከ51 ዶላር አይበልጥም። ደንበኛው የሚጠየቀው ግን 80፣ 150፣ ከዚያም በላይ ነው። የተወሰነ ትርፍ ይገባዋል፤ ሥራውም ከተራ እድሳት ይበልጣል። ሦስት እጥፍ ሲሆን ግን የሰው ጭንቀት ተሸጠ ማለት ነው። 30 ቀኑ ካለቀ 5 ቀን ማንም የማይነካበት የስረዛ መጠበቂያ ይከተላል፤ ከዚያ ስሙ ለማንም ክፍት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሰንጠረዥ ግን አንድ ቀዳዳ አለው። መዋጃው የሚሠራው ስሙ ከተሰረዘ ብቻ ነው። ብዙ ሻጮች ጥሩ ስም ሲያገኙ አይሰርዙትም፤ ማብቂያው ካለፈ ከሦስትና አራት ሳምንት በኋላ ለጨረታ ያወጡታል፤ አሸናፊው ገንዘቡን ለሻጩ ይከፍልና ስሙ ሳይሰረዝ ወደ እሱ ያልፋል። ይህ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ስትመዘገቡ የተቀበላችሁት ውል ውስጥ ተጽፏል። ስለዚህ «ሰባ አምስት ቀን አለኝ» የሚለው ስሌት አደገኛ ነው፤ እርግጠኛ ልትሆኑበት የምትችሉት ሻጩ በውሉ የጻፈውን ቀን ብቻ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ውሉ ውስጥ «ጨረታ» እና «ጊዜው ያለፈበት ስም» የሚሉትን ፈልጉ። ደንቡ ሻጩ የእድሳት፣ የዘገየ እድሳትና የመዋጃ ዋጋውን በድረ ገጹ ላይ እንዲለጥፍ ያስገድደዋል፤ ፈልጋችሁ ካጣችሁት ሻጩ ገና ከጅምሩ ደንብ እየጣሰ ነው።

ልሂድ ሲሉት

አዲስ የተመዘገበ ወይም በቅርቡ የተዛወረ ስም ወደ ሌላ ሻጭ እንዳይዛወር እስከ 60 ቀን ሊያዝ ይችላል። የባለቤቱን ስም ወይም ኢሜይል መቀየርም ሌላ የ60 ቀን እገዳ ሊያስከትል ይችላል፤ ሻጩ አስቀድማችሁ ከእገዳው እንድትወጡ ምርጫ ከሰጠ ምርጫውን ተጠቀሙበት። ስለዚህ ለመዛወር ያሰበ ሰው መጀመሪያ ይዛወር፣ አድራሻውን በኋላ ያስተካክል።

የማዛወሪያውን ኮድ (አዲሱ ሻጭ ስሙን ለመቀበል የሚጠይቀውን የይለፍ ቃል) እና የዝውውር ቁልፉን መክፈቻ ሻጩ በ5 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። ደህናው መለያው ውስጥ በአንድ ጠቅታ ይሰጣል። አስቸጋሪው በስልክ ብቻ፣ ያውም «ለምን እንደሚሄዱ» ካስረዱ በኋላ ይሰጣል። «የሚቀጥለውን ዓመት ካልከፈላችሁ አለቅም» ማለት ግን አይችልም፤ ለወደፊት ዓመት አለመክፈል ዝውውርን ለመከልከል በቂ ምክንያት እንዳልሆነ ደንቡ በግልጽ ያስቀምጣል። ያለፈው ወይም የአሁኑ ዓመት ካልተከፈለ ግን መከልከል ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው ሳያውቀው ሁለት ጊዜ ወደሚከፍልበት ቦታ እንምጣ። መደበኛ ዝውውር በስሙ ላይ አንድ ዓመት ይጨምራል። ነገር ግን ስሙ በአከፋፋዩ በራሱ ከታደሰና እናንተም ለድሮው ሻጭ ከከፈላችሁ በኋላ በ45 ቀኑ ውስጥ ካዛወራችሁት፣ አከፋፋዩ የመጀመሪያውን እድሳት ይሰርዝና ገንዘቡን ለድሮው ሻጭ ይመልሳል። ለአዲሱ ሻጭም ከፍላችኋል። በእጃችሁ የሚቀረው ግን አንድ ዓመት ብቻ ነው። የድሮው ሻጭ የተመለሰለትን ገንዘብ ለእናንተ ሊመልስ ይገባዋል፤ ሳይጠየቅ የሚመልስ ግን ብዙ አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማብቂያው ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው አዛውሩ፤ ያ ካመለጣችሁና እድሳቱን ከከፈላችሁ 45 ቀኑ እስኪያልፍ ጠብቁ።

የሻጭ ያልሆነ ሂሳብ

ከሻጫችሁ ያልመጣ «የእድሳት ማስታወቂያ»ም አለ። ዶሜይን ሬጂስትሪ ኦፍ አሜሪካ የሚባለው ድርጅት የእድሳት ሂሳብ የሚመስል ደብዳቤ በፖስታ እየላከ ሰዎች ሳያውቁት ስማቸውን ወደ እሱ እንዲያዛውሩ ያደርግ ነበር። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2003 እርምጃ ወሰደበት፤ ተያያዥ የሆነውን ፈቃድ ያለውን ሻጭ አይካን በ2014 አገደው። ዛሬ ደብዳቤው በኢሜይል ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም «የፍለጋ ሞተር ምዝገባዎ ያበቃል» ይላል። እንዲህ የሚባል ምዝገባ የለም። ማንኛውም ሂሳብ ሲመጣ አገናኙን ሳትነኩ ወደ መለያችሁ በራሳችሁ ገብታችሁ ቀኑን አመሳክሩ።

ማን እንዴት ነው

ክላውድፍሌር በጅምላ ዋጋ፣ ያለ ትርፍ ይሸጣል፤ በ2018 ያስታወቀው ይህ ነው። ገደቡ ኔምሰርቨሩን የግድ የእሱን እንድትጠቀሙ ማድረጉ ነው፤ ሌላ ቦታ ማስተዳደር ለሚፈልግ አይሆንም። ፖርክበን የእድሳትና የማዛወሪያ ዋጋውን ከመመዝገቢያው ጎን በግልጽ ያስቀምጣል፣ መሸፈኛውንም ሰርተፍኬቱንም በነፃ ይሰጣል፤ ለአንድና ለሁለት ስም ባለቤት የምንመርጠው እሱን ነው። ኔምቺፕ መሸፈኛው ነፃ ነው፣ የዋጋ ዝርዝሩም ይገኛል፤ የመጀመሪያው ዓመት ኩፖን ግን እድሳቱን እንዳያስረሳችሁ። ትልቁ ጎዳዲ የሚያደክመው በሚያስጎበኘው የተጨማሪ ዕቃ ገጽ ብዛት ነው፤ እያንዳንዱን እየከለከሉ ማለፍ የሚችል ሰው ይጠቀምበት፣ ሌላው ይተወው።

ጥሩ ሻጭም ሊለወጥ ይችላል። ጎግል ዶሜይንስ በ12 ዶላር የጸና ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ በጁን 2023 ለስኩዌርስፔስ መሸጡ ተነገረ፣ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ስሞችም ባለቤቶቻቸው ሳይመርጡ ወደ አዲሱ ቤት ተሻገሩ። ስኩዌርስፔስ የድሮውን የእድሳት ዋጋ ለማክበር ቃል የገባው ቢያንስ ለ12 ወር ነበር። ጋንዲ የሚባለው ሻጭም በዚያው ዓመት ከሌላ ድርጅት ጋር ከተዋሃደ በኋላ ከስሙ ጋር በነፃ ይሰጥ የነበረውን የኢሜይል ሣጥን በክፍያ አደረገ። ሻጫችሁ እንደተሸጠ ስትሰሙ የመጀመሪያው ሥራ አዲሱን የእድሳት ዋጋ ማየት ነው።

ክርክር ሲመጣ

አይካን ዋጋ ተወደደ የሚል አቤቱታ አይቀበልም፤ ዋጋ መወሰን ሥራው አይደለም። የሚቀበለው ሻጩ ደንብ ሲጥስ ነው፦ ማስታወቂያ ካልላከ፣ የመዋጃ ዋጋውን ካልለጠፈ፣ ኮዱን በ5 ቀን ካልሰጠ፣ ዝውውሩን ያለ በቂ ምክንያት ከከለከለ። አቤቱታው በአይካን ድረ ገጽ ላይ በቅጽ ይሞላል። ስሙን፣ ኮዱን የጠየቃችሁበትን ቀን፣ የሻጩን መልስና የገጹን ፎቶ አያይዙ። «ሌቦች ናቸው» ከሚል ረጅም ጽሑፍ ይልቅ ቀን የተጻፈባቸው ሦስት ኢሜይሎች ይበልጥ ይረዳሉ።

በባንክ በኩል ክፍያውን ማስመለስ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ካልጠበቀ ይጎዳል። ሻጮች እንዲህ ያለ ክርክር ሲከፈትባቸው መለያውን ሙሉ በሙሉ ሊቆልፉ ይችላሉ፤ የተከራከራችሁበት አንድ ስም ቢሆንም ሌሎቹም አብረው ሊቆለፉ ይችላሉ። የአሁኑን ዓመት ክፍያ በባንክ ማስመለስ ዝውውርን ለመከልከልም በደንቡ የታወቀ ምክንያት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚከራከሩበት ክፍያ የስሙ ነው ወይስ የተጨማሪው ዕቃ የሚለውን ለዩ። የተጨማሪው ከሆነ ስሞቹን በሙሉ ወደ ሌላ ሻጭ አዛውሩ፣ ዝውውሩ ሊፈጅ የሚችለውን 5 ቀን ጠብቁ፣ ስሞቹ በአዲሱ መለያ ላይ መታየታቸውን አረጋግጡ፤ ባንኩ ጋ የምትሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። ባንኩ ለክርክር የሚሰጠው ቀን የተወሰነ ስለሆነ ዝውውሩን ክፍያውን ባያችሁበት ዕለት ጀምሩት።